በድንጋይ ውስጥ ያለን ሰልፈር መለካት፦ ከናሙና ከረጢት እስከ ውጤት ወረቀት

ለኮንክሪት የሚፈጭ ጠጠር፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚጫን የድንጋይ ከሰል፣ ከወርቅ ማውጫ ወጥቶ የሚደፋ ተረፈ ድንጋይ፤ ሦስቱም ላቦራቶሪ ሲደርሱ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ «ሰልፈሩ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም በመልሱ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ነገር ይወሰናል።

የአውሮፓ የኮንክሪት ጠጠር ደረጃ፣ ኢኤን 12620፣ በጠጠር ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሰልፈር ከ1% እንዳይበልጥ ያዛል። ፒሮታይት የተባለው የብረትና የሰልፈር ማዕድን መኖሩ ከታወቀ ግን ገደቡ ወደ 0.1% ይወርዳል። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ሰሜን ምሥራቅ የብዙ መኖሪያ ቤቶች መሠረት ከተሠራ ከዓመታት በኋላ የተሰነጣጠቀው በዚሁ ማዕድን ምክንያት ነው። ሰልፋይድ ያለበት ተረፈ ድንጋይ ደግሞ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም ብረታ ብረቶችን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ደልቢን፣ ያዩን፣ ጭልጋንና ሙሽ ሸለቆን ከመሳሰሉ የአገራችን ቦታዎች የሚወጣ የድንጋይ ከሰልም ሲነድ ሰልፈሩ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ከሆነ ከአልካሊ ጋር ተዋህዶ ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ የጋዙን መተላለፊያ ይዘጋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ጥሩ ሚዛንና የኤሌክትሪክ ምድጃ ላላቸው፣ ውድ ማሽን ግን ለሌላቸው ላቦራቶሪዎች ነው። ዘዴው ሰልፈሩን ሁሉ ወደ ሰልፌት ለውጦ፣ ባሪየም ሰልፌት አድርጎ አዝቅጦ መመዘን ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን ዛሬም የማሽን ውጤት የሚፈተሽበት ዘዴ ነው። ማሽን ያላችሁም ብትሆኑ የናሙና ዝግጅቱና የቁጥጥሩ ክፍል እናንተንም ይመለከታል።

አስቀድሞ መጠየቅ፦ የትኛው ሰልፈር?

ናሙና የሚልኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሰልፈር ይለካልን» ብቻ ብለው ይጽፋሉ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጥሩ ለምን እንደተፈለገ ጠይቁ፤ በድንጋይ ውስጥ ያለ ሰልፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

• ሰልፋይድ። ፓይራይት 53.4% ሰልፈር ነው። ፒሮታይት፣ ካልኮፓይራይትና ስፋለራይትም እዚህ ይመደባሉ። አሲድ በማመንጨት በዋናነት የሚታወቀው ይህ ክፍል ነው።

• ሰልፌት። ጂፕሰም 18.6%፣ አንሃይድራይት 23.5%፣ ባራይት 13.7% ሰልፈር አላቸው። እነዚህ አሲድ አያመነጩም፤ ጂፕሰም ግን ኮንክሪትን ሊጎዳ ይችላል።

• ንጹሕ ድኝ። በዳሎል እንደሚታየው ቢጫ ክምችት ያለ ነው።

• ኦርጋኒክ ሰልፈር። በከሰልና ጥቁር በሆነ የሸክላ ድንጋይ ውስጥ ከካርቦኑ ጋር ተሳስሮ ይገኛል።

2% ሰልፈር ያላቸው ሁለት ድንጋዮች ተቃራኒ ዕጣ ሊኖራቸው ይችላል። ሰልፈሩ ጂፕሰም የሆነው የተረፈ ድንጋይ ክምር የአሲድ ስጋት የለበትም። ፓይራይት የሆነው ግን፣ ሁሉም ከተቃጠለ፣ በቶን 61 ኪሎ ግራም ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ብቻ ለክታችሁ አታቁሙ። ከዚያው ዱቄት ሰልፌቱን ለብቻ ለክታችሁ ከጠቅላላው ቀንሱ፤ ሁለቱም አሠራሮች ከታች ተዘርዝረዋል።

ናሙናውን ማዘጋጀት

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ሚዛኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ፓይራይት በድንጋይ ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ በስንጥቅና በሥር መልክ ይከማቻል። ከከረጢቱ አፍ የተነሳ አንድ ጭብጥ ድንጋይ የከረጢቱን ሙሉ እውነት አይናገርም።

1. አድርቁ፣ ግን አታቃጥሉ። ናሙናውን በስስ ትሪ ዘርግታችሁ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ኦቨን ውስጥ አድርቁ። በተለመደው 105 ዲግሪ ካደረቃችሁ ጂፕሰም ውሃውን ማጣት ይጀምራል፤ ንጹሕ ድኝም 115 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከዚያ በፊት መትነን ይጀምራል። እርጥብ ናሙና በከረጢት ለሳምንታት ማቆየትም ጉዳት አለው፤ ሰልፋይዱ ቀስ በቀስ ወደ ሰልፌት ይለወጣል። ጠቅላላው ባይቀየርም የሁለቱ ድርሻ ይዛባል።

2. ሙሉውን ፍጩ። የደረሳችሁን ናሙና በሙሉ በጆው ክራሸር ወደ 2 ሚሊ ሜትር አድርሱ። ከመፍጨታችሁ በፊት መምረጥ ክልክል ነው።

3. በሥርዓት ክፈሉ። ሪፍል ስፕሊተር ካለ በእሱ፣ ከሌለ በንጹሕ ሸራ ላይ ከምራችሁ ለአራት ከፍላችሁ ተቃራኒ የሆኑትን ሁለት ክፍሎች ውሰዱ። 100 ግራም ገደማ እስኪቀር ድገሙት።

4. አድቅቁ። በፑልቨራይዘር ወደ 75 ማይክሮን ያህል አውርዱ። ከሰል ከሆነ 212 ማይክሮን ይበቃል። ወንፊት ላይ የቀረውን አትጣሉ፤ መልሳችሁ ፈጭታችሁ ቀላቅሉት። ባራይትና ሰልፋይድ ከሌላው ማዕድን በተለየ ፍጥነት ስለሚደቁ፣ የቀረውን መጣል ማለት ድንጋዩን መለወጥ ማለት ነው። ከሚገባው በላይ መፍጨትም ዱቄቱን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ደቃቅ ሰልፋይድ ይቃጠላል።

5. በናሙናዎች መካከል አጽዱ። በእያንዳንዱ ናሙና መካከል ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ፈጭታችሁ ድፉ። ሰልፋይዱ ገና በዓይን ሲታይ የበዛ ናሙና ካለ መጨረሻ ላይ ፍጩት።

6. አሽጉ። ዱቄቱን በደንብ በሚዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ከትታችሁ ቁጥሩን በብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ በክዳኑ ላይ ብቻ አትጻፉ። ክዳን ከብልቃጥ ብልቃጥ ይቀያየራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ 800 ዲግሪ የሚደርስና አየር የሚገባው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዙ የፖርሲሊን ክሩሲብሎች፣ 400 ሚሊ ሊትር ቢከሮች፣ ዴሲኬተር፣ አመድ የማይተው ደቃቅ ማጣሪያ ወረቀት (እንደ ዋትማን 42 ያለ) እና ጭስ የሚስብ ፊውም ሁድ አዘጋጁ። በጋዝ ነበልባል አትሥሩ፤ ጋዙ ራሱ ሰልፈር ሊኖረው ይችላል።

ከኬሚካል በኩል ደግሞ እነዚህን አሰናዱ፦

• የኤሽካ ድብልቅ፦ ሁለት እጅ ቀላል ማግኒዚየም ኦክሳይድ ከአንድ እጅ ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት ጋር በደንብ ተቀላቅሎ፤
• ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አሞኒያና ብሮሚን የተሟሟበት ውሃ፤
• 10% የባሪየም ክሎራይድ ሙሙት፣ በደቃቅ ወረቀት የተጣራ፤
• ሲልቨር ናይትሬት፣ ጥቂት ናይትሪክ አሲድና የሜቲል ኦሬንጅ ጠቋሚ፤
• ንጹሕ ፖታሲየም ሰልፌት፣ ለፍተሻ።

ባሪየም ክሎራይድ መርዝ ነው፤ በአፍ መሳብ፣ በባዶ እጅ መንካትና ወደ ቧንቧ መድፋት አይፈቀድም። የተረፈውን በሰልፌት አዝቅጣችሁ በተለየ ዕቃ ሰብስቡት። ብሮሚንና አሲድ የሚነኩት ፊውም ሁድ ውስጥ፣ መነጽርና ጓንት ተደርጎ ነው።

ጠቅላላ ሰልፈር፦ ደረጃ በደረጃ

1. ምን ያህል ልመዝን? ዝቃጩ ለመመዘን የሚበቃ፣ ለማጠብ ግን የማይከብድ መሆን አለበት። 1 ግራም የሚመዝን፣ 1% ሰልፈር ያለው ናሙና 73 ሚሊ ግራም ገደማ ባሪየም ሰልፌት ይሰጣል። ሰልፈሩ ከ2% በታች ይሆናል ብላችሁ ከገመታችሁ 1 ግራም፣ ከ2 እስከ 5% ከሆነ ግማሽ ግራም፣ ከ5 እስከ 10% ከሆነ ሩብ ግራም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 0.1 ግራም መዝኑ። ግምታችሁ ከተሳሳተ በመጀመሪያው ዙር ይታወቃል፤ መጠኑን አስተካክላችሁ ድገሙት።

2. ድርብርቡን ሥሩ። ግማሽ ግራም የኤሽካ ድብልቅ ክሩሲብሉ ሥር አንጥፉ። ናሙናውን ከ2.5 ግራም ድብልቅ ጋር በደንብ አዋህዱና በላዩ ጨምሩ። ከዚያ በ1 ግራም ድብልቅ ሸፍኑት። የላዩ ሽፋን ሥራ አለው፤ ሰልፋይዱ ሲቃጠል የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚይዘው ሶዲየም ካርቦኔቱ ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይዱ ደግሞ ድብልቁ ቀልጦ እንዳይደፈን አድርጎ አየር ያሳልፋል።

3. ከቀዝቃዛ ምድጃ ጀምሩ። ክሩሲብሉን ባልሞቀ ምድጃ ውስጥ አስቀምጡና በ1 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ 800 ዲግሪ አድርሱት። እዚያ ለ1 ሰዓት ተኩል አቆዩት። በሞቀ ምድጃ ውስጥ ድንገት የገባ ፓይራይት ሰልፈሩን ካርቦኔቱ ከሚይዘው ፍጥነት በላይ ይለቃል፤ የጠፋው ጋዝ በምንም ስሌት አይመለስም። ሲወጣ ጥቁር ያልነደደ ብናኝ ካያችሁበት ለግማሽ ሰዓት መልሱት።

4. በሙቅ ውሃ አሟሙ። የቀዘቀዘውን ይዘት ወደ ቢከር ገልብጡ፤ ክሩሲብሉን በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ ጨምሩት። 150 ሚሊ ሊትር ያህል እስኪሆን ሙቅ ውሃ አክላችሁ፣ ጓሉን በመስታወት ዘንግ ሰባብራችሁ ለግማሽ ሰዓት ሳታፈሉ አሙቁ። ከዚያ አጣሩና ማጣሪያው ላይ የቀረውን በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሰልፌቱ ከውሃው ጋር ያልፋል፤ ብረቱና ማግኒዚየም ኦክሳይዱ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። በዚህ ደረጃ አሲድ የማንጠቀመው ለዚህ ነው። ብረት ወደ ሙሙቱ ከገባ ከዝቃጩ ጋር አብሮ ወርዶ ክብደቱን ያበላሻል።

5. አሲድ አድርጉት። በተጣራው ፈሳሽ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ሜቲል ኦሬንጅ ጨምሩ። ቢከሩን በመስታወት ክዳን ከድናችሁ፣ ቀዩ ቀለም እስኪወጣ ድረስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ አስገቡ፤ ካርቦኔቱ ስለሚፈላ ፈሳሹ ሊፈናጠር ይችላል። ከቀላ በኋላ 1 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ አሲድ ይበቃዋል። አሲድ ሲበዛ ባሪየም ሰልፌት በመጠኑ መሟሟት ይጀምራል። ቀጥላችሁ 5 ሚሊ ሊትር የብሮሚን ውሃ ጨምሩና ሽታውና ቢጫነቱ እስኪጠፋ አፍሉት፤ በሰልፋይት መልክ የቀረ ሰልፈር ካለ ወደ ሰልፌት ይለወጣል። ብሮሚኑ የጠቋሚውን ቀለም ቢያጠፋውም አሲዱ እንዳለ ነው።

6. አዝቅጡ። ይህ የሥራው ልብ ነው። የቢከሩ መጠን 250 ሚሊ ሊትር ያህል ይሁን። ሊፈላ ሲቃረብ 10 ሚሊ ሊትር የባሪየም ክሎራይድ ሙሙት በፒፔት፣ በጠብታ፣ ያለማቋረጥ እያማሰላችሁ አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲገቡ ፈሳሹ ለአፍታ ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ ከዚያ ስስ ነጭ ደመና ይነሳል፤ እየቆየም ይወፍራል። እዚህ ላይ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በትክክል ይሠራል። ሙሙቱ በአንዴ ከተገለበጠ የሚፈጠረው ቅንጣት በጣም ደቃቅ ስለሚሆን በወረቀቱ ሾልኮ ያልፋል፤ ክሎራይድና ባሪየምም በውስጡ ታስረው ይቀራሉ።

ካበቃችሁ በኋላ ቢከሩን ሸፍናችሁ ከመፍላት በታች በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለ1 ሰዓት አሳርፉት፤ ጊዜ ካለ እስከ ማግስቱ ተዉት። ትናንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ ትላልቆቹ ያድጋሉ። ላዩ ሲጠራ ሁለት ጠብታ ባሪየም ክሎራይድ በጠርዙ አስገቡ፤ እንደገና ከደፈረሰ ሰልፌቱ አላለቀም፤ ጨምሩ።

7. አጣሩ፣ እጠቡ። በደቃቁ ወረቀት አጣሩ። ቢከሩ ላይ የተለጠፈውን ጫፉ ላስቲክ ባለው ዘንግ ጠርጋችሁ አውርዱ። በሙቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እጠቡት። ማለቁን ለማወቅ ከፈነሉ ሥር ጥቂት ጠብታ በሙከራ ቱቦ ተቀብላችሁ ናይትሪክ አሲድና ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩበት። ካልደፈረሰ ክሎራይዱ አልቋል።

8. ወረቀቱን አቃጥሉ። ባዶውን ክሩሲብል አስቀድማችሁ በ800 ዲግሪ አግላችሁ፣ በዴሲኬተር አቀዝቅዛችሁ መዝኑ። እርጥቡን ወረቀት ከነዝቃጩ አጥፋችሁ አስገቡት። ምድጃውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ጀምሩ። ወረቀቱ እንደ ዕጣን በቀስታ ይጭስ እንጂ ነበልባል አይያዘው። ነበልባሉ ደቃቁን ዱቄት ይዞት ይወጣል፤ አየር ካጠረው ደግሞ የወረቀቱ ካርቦን ባሪየም ሰልፌቱን ወደ ባሪየም ሰልፋይድ ይለውጠዋል። ጥቁሩ ሁሉ ነድዶ ሲያልቅ ወደ 800 ዲግሪ አውጥታችሁ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። በዴሲኬተር አቀዝቅዛችሁ መዝኑ፤ መልሳችሁ አግላችሁ እንደገና መዝኑ። ሁለቱ ንባቦች በ0.2 ሚሊ ግራም ውስጥ ሲገጥሙ ጨርሳችኋል።

ዝቃጩ በረዶ የመሰለ ነጭ መሆን አለበት። ግራጫ ከሆነ አንድ ጠብታ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አድርጋችሁ፣ ጭሱ እስኪያልቅ በቀስታ አሙቃችሁ እንደገና አግሉት። ቡናማ ወይም ሮዝ ካለበት ብረት ገብቶበታል፤ ከአዲስ ናሙና ጀምሩ።

ስሌቱ

ባሪየም ሰልፌት በክብደቱ 13.74% ሰልፈር ነው። ስለዚህ ከናሙናው ዝቃጭ ክብደት የብላንኩን ዝቃጭ ቀንሳችሁ በ13.74 አባዙ፤ ውጤቱን ለመዘናችሁት ናሙና በግራም አካፍሉት። መልሱ መቶኛ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 1.0012 ግራም ተመዘነ፤ ዝቃጩ 0.1583 ግራም ሆነ፤ ብላንኩ 0.0021 ግራም ሰጠ። ልዩነቱ 0.1562 ነው። በ13.74 ሲባዛ 2.146፣ ለ1.0012 ሲካፈል 2.14% ይሆናል።

ብላንክ ማለት ናሙና ሳይገባበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ኬሚካል፣ በዚያው ምድጃ ሁሉንም ደረጃ ያለፈ ክሩሲብል ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰልፌት ይዞ ስለሚመጣ ብላንክ ዜሮ እንዲሆን አትጠብቁ። በምሳሌው ብላንኩ ባይቀነስ ውጤቱ 2.17% ይሆን ነበር። ለዚህ ድንጋይ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ 0.1% ገደብ ላለበት ጠጠር ግን ፍርዱን ሊያዛባ ይችላል።

ሰልፌቱን ለብቻ መለካት

1. ከዚያው ብልቃጥ 2 ግራም ያህል መዝናችሁ በቢከር አድርጉ። ሁለት እጅ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር አቅጥናችሁ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩበት።

2. ፊውም ሁድ ውስጥ በቀስታ ለግማሽ ሰዓት አፍሉ። ጂፕሰሙና አንሃይድራይቱ ይሟሟሉ፤ ፓይራይቱ ባለበት ይቀራል። ፒሮታይት ካለ ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ይህ ጋዝ ገዳይ ነው፤ ሲበዛም ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ አፍንጫ አይታመንም። ከሁዱ ውጭ ፈጽሞ አትሞክሩት።

3. ሽታው በመፍላት ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ አጣሩና እጠቡ። አሁን ብረቱ ከፈሳሹ ጋር ስላለፈ መወገድ አለበት። ጥቂት የብሮሚን ውሃ ጨምራችሁ አፍሉ፤ ከዚያ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ እስኪወርድ አሞኒያ አድርጉ። በሙቁ አጣሩ፣ እጠቡ።

4. የተጣራውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ መልሳችሁ አሲድ አድርጉትና ከላይ ከደረጃ 6 ጀምሮ ያለውን ሥሩ። ለዚህም የራሱ ብላንክ ያስፈልገዋል።

የምሳሌው ድንጋይ ሰልፌት ሰልፈር 0.46% ሆነ እንበል። ከ2.14 ሲቀነስ ሰልፋይዱ 1.68% ነው። ይህን በ31.25 ስታባዙ አሲዱን ለማርከስ በቶን ድንጋይ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ካርቦኔት ታገኛላችሁ፦ 52.5 ኪሎ ግራም። ጠቅላላውን ብቻ ወስዳችሁ ብታሰሉ 66.9 ኪሎ ግራም ይመጣ ነበር። የማዕድን ማውጫው ለማይፈልገው የኖራ ድንጋይ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው።

ይህ መቀነስ የማይሠራባቸው ድንጋዮች አሉ። ባራይት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለማይሟሟ ሰልፌት ሆኖ ሳለ ከሰልፋይዱ ጎራ ይቆጠራል። በኤሽካ ድብልቅም ሙሉ በሙሉ ላይፈርስ ይችላል፤ ባራይት ያለበት ድንጋይ በሶዲየም ካርቦኔት ፈጽሞ ቀልጦ በውሃ መሟሟት ይፈልጋል። ጃሮሳይትና አሉናይትም በአሲዱ በደንብ አይወጡም። በከሰል ደግሞ ልዩነቱ የፓይራይትና የኦርጋኒኩ ድምር ነው። የማዕድን ዓይነቱን በማይክሮስኮፕ ወይም በኤክስሬይ ዲፍራክሽን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል።

የማቃጠያ ማሽን ላላችሁ

ሌኮንና መሰሎቹን የምትጠቀሙ ናሙናውን በኦክስጅን ታቃጥላላችሁ፤ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ማሽኑ በኢንፍራሬድ ያነባል። የአንዱ ናሙና ንባብ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሦስት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ ሰልፌት ከሰልፋይድ ይልቅ ከፍ ባለ ሙቀት ነው የሚፈርሰው፤ በቱቦ ምድጃ 1350 ዲግሪ ያህል፣ ወይም ተገቢው ማፋጠኛ ዱቄት ካልተጨመረ ጂፕሰሙና ባራይቱ በከፊል ሳይቆጠር ይቀራል። ሁለተኛ፣ እርጥበት የሚይዘው ማግኒዚየም ፐርክሎሬት ሲጠግብ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን ውሃው ስለሚይዘው ንባቡ ይወርዳል፤ በጊዜው ቀይሩ። ሦስተኛ፣ ማሽኑን የምታስተካክሉበት ማጣቀሻ ድንጋይ ከናሙናችሁ ጋር የተቀራረበ ይሁን፤ በብረት ማጣቀሻ የተስተካከለ ማሽን ለጂፕሰም ምስክር አይሆንም።

ቁጥጥር፦ ቁጥሩን የሚያሳምነው

በእያንዳንዱ ዙር፣ የናሙናው ቁጥር ትንሽም ቢሆን፣ አራት ነገር አስገቡ።

• ብላንክ፣ ቢቻል ሁለት። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ቦታ ብክለት አለ።

• ዱፕሊኬት። አንዱን ናሙና ከብልቃጡ እንደገና መዝናችሁ ሥሩ። ከ2% በታች ላለ ሰልፈር ልዩነታቸው ከ0.05 ነጥብ መቶኛ ካለፈ፣ ከ2% በላይ ላለው ከ0.10 ካለፈ፣ አማካይ ወስዳችሁ አትለፉ፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

• የተመሰከረለት ማጣቀሻ ድንጋይ። የሰልፈር መጠኑ የታወቀ፣ ከናሙናችሁ ጋር የሚቀራረብ።

• ፖታሲየም ሰልፌት። 0.1000 ግራም ደረቅ ንጹሕ ፖታሲየም ሰልፌት በውሃ አሟሙታችሁ ከደረጃ 5 ጀምሮ አሳልፉት፤ 0.1339 ግራም ባሪየም ሰልፌት መስጠት አለበት። ይህ ማዝቀጡን፣ ማጠቡንና ማቃጠሉን ይፈትሻል። ምድጃው ውስጥ የጠፋ ጋዝ ካለ ግን አያሳይም፤ ያንን የሚያሳየው ማጣቀሻው ድንጋይ ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲበላሽ የት ልፈልግ?

ማጣቀሻው ዝቅ ካለና ፖታሲየም ሰልፌቱ ከገጠመ፣ ችግሩ ከደረጃ 2 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው። ምድጃው ፈጥኖ ሞቋል፣ ድብልቁ በደንብ አልተዋሃደም፣ ወይም ጓሉ በውሃው አልተሰባበረም። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ዝቃጩ በወረቀቱ ሾልኳል ወይም በካርቦን ተቀንሷል፤ የተጣራውን ፈሳሽ በብርሃን ፊት አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ስስ ደመና ካለበት ነገሩ ተገኘ። ሁለቱም ከፍ ካሉ ክሎራይዱ አልታጠበም፣ ወይም ብላንኩ በሌላ ጥቅል ኬሚካል ተሠርቷል። ብላንኩ ብቻ ድንገት ከፍ ካለ ምድጃውን ተመልከቱ፤ ብዙ ሰልፋይድ ያለው ናሙና ያለ ሽፋን አጠገቡ ተቃጥሎ እንደሆነ ጋዙ ወደ ጎረቤት ክሩሲብሎች ይገባል።

ውጤቱን መጻፍ

የውጤት ወረቀት ላይ «ሰልፈር 2.14%» ብቻ ብሎ መፈረም ደንበኛውን ለስህተት መዳረግ ነው። ቢያንስ እነዚህን አስፍሩ፦ ጠቅላላ ሰልፈር፣ ሰልፌት ሰልፈር፣ በመቀነስ የተገኘ ሰልፋይድ ሰልፈር፤ ውጤቱ በደረቅ ናሙና መሠረት መሆኑ እና በስንት ዲግሪ እንደደረቀ፤ ዘዴው፤ የብላንኩና የማጣቀሻው ንባብ፤ ላቦራቶሪው በእርግጠኝነት ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን። ከዚያ መጠን በታች ለሆነ ናሙና ዜሮ አትጻፉ፤ «ከዚህ በታች» ብላችሁ መጠኑን ጻፉ። ባራይት ወይም ፒሮታይት መኖሩን ካወቃችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ፤ ጠጠር ለሚገዛ መሐንዲስ ያቺ ዓረፍተ ነገር ገደቡን ከ1% ወደ 0.1% ትለውጥበታለች።

የቀረውን ዱቄት ደንበኛው ውጤቱን ተቀብሎ ሥራው እስኪያልቅ በታሸገ ብልቃጥ፣ በደረቅ ቦታ አቆዩት። ክርክር ሲነሳ ሌላ ላቦራቶሪ ከዚያው ብልቃጥ ለክቶ ያንኑ ቁጥር ማግኘት መቻል አለበት፤ ያን ጊዜ የእናንተ ሥራ በራሱ ይቆማል።